አሥራ ሁለት ክሬዲት

ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ማለትም በሁለት ዓመት ኮሌጅ፣ የተማሪዎች አማካሪ ነኝ። ተማሪ ትምህርት ሲመርጥ፣ ሲጨምር፣ ድሮፕ ሲያደርግ በእኔ ጠረጴዛ በኩል ያልፋል። የኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ክበብም በእኔ ስም ነው የተመዘገበው። እዚህ ተማሪዎች ክበብ ሲያቋቁሙ ከኮሌጁ ሠራተኞች አንዱ ፈርሞ ኃላፊነት ይወስዳል። ልጆቹ መጥተው ሲጠይቁኝ ደስ ብሎኝ ፈረምኩ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ቡና እናፈላለን። ፈንዲሻ አለ፣ ወሬ አለ። አዲስ የመጣ ልጅ እዚያ ቁጭ ብሎ የልቡን ይናገራል።

ልጁን ያወቅኩት እዚያ ነው። ስሙን አልጠራም። ከቤተሰቡ ጋር በዲቪ ከመጣ ሁለት ዓመት አልሞላውም። ሲበዛ ጨዋ ነው። ሲኒ ለመሰብሰብ ቀድሞ የሚነሳው እሱ ነው። ኮሌጅ ሲገባ የመጀመሪያ ሴሚስተሩ ነበር።

ኦክቶበር ሊያልቅ ሲል ቢሮዬ መጣ። ትምህርት ማቋረጫው ቀን ስለተቃረበ ከበሩ ውጪ ብዙ ተማሪ ተሰልፏል።

«ጋሼ፣ ሥራ በዝቶብዎታል፣ ብዙ አላቆይዎትም» አለ ገና ሳይቀመጥ።

«ተቀመጥ እስኪ፤ ምን ሆንክ?»

«ኬሚስትሪው አልሆነልኝም። ሌሊት ፓርኪንግ እሠራለሁ። ክፍል ስገባ እንቅልፍ ይጥለኛል። ድሮፕ ላድርገው ወይ ብዬ ነው።»

ውጤቱን አየሁ። በሁለቱም ፈተና ያገኘው ከግማሽ በታች ነው። እስከ መጨረሻው ቢቆይ ኤፍ ይጠብቀዋል። ድሮፕ ካደረገ መዝገቡ ላይ «ደብልዩ» ይጻፋል እንጂ አማካይ ውጤቱ አይነካም። ከዚያ የገንዘቡን ነገር አሰላሁ። ፔል ግራንት የሚባለውን የመንግሥት ድጋፍ ይወስዳል። ድጋፉ እንዳይቋረጥ ተማሪው ከተመዘገበበት ክሬዲት 67 በመቶ ያህሉን ማጠናቀቅ አለበት። የተመዘገበው 13 ክሬዲት ነው፤ ኬሚስትሪው 4። ከ13ቱ 9 ይቀራል። 69 በመቶ። አለፈ።

«ችግር የለውም፣ አውጣው» አልኩት።

ፎርሙን ሞላን፣ ፈረመ፣ እኔም ፈርሜ አስገባሁለት። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ሲወጣ ጎንበስ ብሎ አመሰገነኝ። አንድ የአገሬን ልጅ ከጭንቀት ስለገላገልኩ ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ዋለ።

በማግስቱ ጠዋት የአገር አቋራጭ ቡድኑ አሰልጣኝ ደወለልኝ። ይህ ሰው ቀን ሌላ ቦታ ነው የሚሠራው። የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አሰልጣኞች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው፤ ልጆቹን የሚያሠለጥኑት ከዋናው ሥራቸው በፊትና በኋላ ነው። ድምፁ ረጋ ያለ ነበር። የልጁን ስም ጠራ።

«ትናንት ወደ 9 ክሬዲት ወርዷል። የፈረምከው አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«የእኔ ሯጭ መሆኑን ታውቅ ነበር?»

አላውቅም ነበር። ልጁ ረቡዕ ረቡዕ የኮሌጁ አርማ ያለበት ቱታ ለብሶ ይመጣ ነበር። ከኮሌጁ ሱቅ የገዛው መስሎኝ ነበር።

የአብዛኞቹን የሁለት ዓመት ኮሌጆች ውድድር የሚመራው በ1938 የተቋቋመው ብሔራዊ የጁኒየር ኮሌጆች አትሌቲክስ ማኅበር ነው። ሕጉ ግልጽ ነው። በውድድር ወቅት አንድ ስፖርተኛ የሙሉ ጊዜ ተማሪ መሆን አለበት። የሙሉ ጊዜ ማለት ቢያንስ 12 ክሬዲት ነው። ከዚያ በታች የወረደ ሯጭ ማልያውን ለብሶ መነሻው መስመር ላይ አይቆምም። የክልሉ ሻምፒዮና ሊደርስ ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር።

አገር አቋራጭ ደግሞ የግል ሩጫ ብቻ አይደለም። ቡድን እስከ ሰባት ሯጭ ያሰልፋል፤ ነጥብ የሚያዘው ለመጀመሪያዎቹ አምስት ነው። አንደኛ የወጣ 1 ነጥብ፣ አሥረኛ የወጣ 10 ነጥብ፣ እያለ ይደመራል። ትንሽ ነጥብ ያለው ቡድን ያሸንፋል። አምስት ሰው ካልሞላ ቡድኑ ጭራሽ ነጥብ የለውም። የእኛ ቡድን ስድስት ልጆች ነበሩት። አንዱ ቁርጭምጭሚቱን ተጎድቶ ክራንች ይዟል። እኔ የፈረምኩበት ልጅ አምስተኛው ነበር።

ስልኩን ዘግቼ ሬጅስትራር ቢሮ ሄድኩ። ፎርሙ ይመለስልኝ ብዬ ለመንኩ። ተማሪው ራሱ ጠይቆ ፈርሟል፣ የኮሌጁ ስህተት የለበትም፣ ለውድድር ተብሎ አይመለስም አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የአትሌቶች ጉዳይ የያዘችው ባልደረባዬ ጋ ሄድኩ። እሷ የነገረችኝ ነው እስካሁን የሚከነክነኝ። የግማሽ ሴሚስተር ትምህርቶች ገና በዚያው ሳምንት ነበር የጀመሩት። ምዝገባው የተዘጋው ትናንት ማታ ነው። ባለ 3 ክሬዲት ትምህርት መጀመሪያ ጨምሮ ኬሚስትሪውን ከዚያ በኋላ ቢያወጣ 12 ይሞላለት ነበር። እኔ ጋ የመጣው ከሰዓት በፊት ነው። ሙሉ ቀን ነበረን።

ታዲያ ለምን አልጠየቅኩትም? ብዙ አስቤበታለሁ። ለሌላው ተማሪ ሁሉ የምጠይቃቸው ጥያቄዎች አሉኝ። ቪዛህ ምንድን ነው? ሥራ አለህ? ስፖርት ትሠራለህ? የጦር ሠራዊት ድጋፍ ትወስዳለህ? ከኤል ሳልቫዶር ለመጣ ልጅም፣ እዚሁ ለተወለደ ልጅም ሳላስቀር እጠይቃለሁ። ይህን ልጅ ግን የማውቀው መሰለኝ። በአማርኛ ስናወራ ነገሩ ሁሉ ገብቶኛል ብዬ ደመደምኩ። ቤተሰቡን፣ ሥራውን፣ ድካሙን አውቃለሁ። እንደ ዘመድ ስላየሁት እንደ ተማሪ መጠየቁን ዘለልኩት።

ስለ ሩጫ ማውራትም እወዳለሁ። ቢሮ ውስጥ የአገር አቋራጭ ነገር ከተነሳ ቀነኒሳ በቀለ በዓለም ሻምፒዮናው በአዋቂዎች ውድድር በግሉ 11 ወርቅ መውሰዱን ሳልናገር አላልፍም። ፊቴ የተቀመጠው ልጅ ግን በየማለዳው ሲሮጥ እንደሚያነጋ አላወቅኩም።

እሱስ ለምን አልነገረኝም? ይህን በኋላ ጠየቅኩት። «ሩጫው ከትምህርት ጋር የሚገናኝ አልመሰለኝም፤ ደግሞ ትምህርቴን ትቼ የምጫወት እንዳይመስልዎት ብዬ ነው» አለኝ። ለአገራችን ልጅ ይህ እንግዳ አይደለም። ስንቶቻችን ነን ኳስ ስንጫወት ተይዘን የተገረፍነው።

ለልጁ የነገርኩት እኔው ነኝ። አሰልጣኙ ልንገረው ብሎኝ ነበር፤ ተው አልኩት። በሩን ዘግቼ ቁጭ አደረግኩትና ሁሉንም ነገርኩት። መጠየቅ የነበረብኝን እንዳልጠየቅኩ፣ ሌላ መንገድ እንደነበረና እንዳላሳየሁት ነገርኩት። ይቅርታም ጠየቅኩት። ጭንቅላቱን አቀርቅሮ ሰማኝ።

«ግዴለም ጋሼ» አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ «ልጆቹስ?» አለ።

ከእኔ ጋር ስለራሱ አንድ ቃል አልተናገረም። ለእሱ ግን ቀላል አልነበረም። ኮሌጃችን በማኅበሩ ዲቪዥን ሦስት በሚባለው ምድብ ውስጥ ነው፤ ለስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጥም። እነዚህ ልጆች ሌሊት ሠርተው ማለዳ የሚሮጡት ለገንዘብ ብለው አይደለም። የአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ አይቶ ይወስደናል ብለው ነው። በአንድ ስፖርት ያላቸው ደግሞ ሁለት የውድድር ዘመን ብቻ ነው። የእሱ አንዱ በእኔ ፊርማ ተቋጨ።

በማግስቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ልምምድ ቦታቸው ሄድኩ። ብርድ ነበር። ልጆቹ እግራቸውን እያፍታቱ ነበር፤ እሱም መሀላቸው አለ። አሰልጣኙ ሰበሰበልኝ። ጓደኛቸው ጥፋት እንደሌለበት፣ የቢሮው ስህተት እንደሆነና ቢሮው ማለት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ከመካከላቸው ከኤል ሳልቫዶር ቤተሰብ የተወለደው ልጅ ቀስ ብሎ «ታዲያ እኛ እንሮጣለን?» ብሎ ጠየቀ። አሰልጣኙ፣ እያንዳንዳችሁ በግል ትሮጣላችሁ፣ የቡድን ውጤት ግን የለም አለው። ልጁ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ የእኛን ልጅ ትከሻውን መታ መታ አደረገውና ሩጫቸውን ቀጠሉ።

ከዚያ በኋላ ቢሮ ውስጥ አንድ ነገር ለማስቀየር ተሟገትኩ። የአትሌቶቹ ስም ዝርዝር ስፖርት ክፍሉ ዘንድ ብቻ ነበር የሚቀመጠው። እኛ ተማሪውን ኮምፒውተር ላይ ስንከፍት ምንም ምልክት አይታየንም። አሁን አትሌት የሆነ ተማሪ መዝገብ ላይ እገዳ ይቀመጣል። የስፖርት ክፍሉ አማካሪ ሳታየው ከ12 በታች መውረድ አይችልም። ለዚህ ሦስት ስብሰባ ፈጀብን። አንድ ባልደረባዬ ሥራ ታበዛብናለህ ብሎ ተቆጥቶኝ ነበር። አልፈረድኩበትም፤ በዚያ ሰሞን ሁላችንም ደክሞን ነበር።

ልጁ የጎደለውን 3 ክሬዲት በጥር በሚሰጠው አጭር ትምህርት ለመሙላት ወሰነ። ለዚያ የሚከፍለውን ለማግኘት ዲሴምበርን ተጨማሪ ሺፍት ገባ። መጀመሪያ ከአትሌቶቹ አማካሪ ጋር ቀጠሮ ያዝኩለትና አብሬው ሄድኩ። ኬሚስትሪውን በጸደይ፣ ከሥራው ጋር በማይጋጭ ሰዓት እንደገና ተመዘገበ።

ከዚያ ሁሉ በፊት ግን፣ ቅዳሜ ሻምፒዮናው ላይ እኔም ተገኝቼ ነበር። መሄድ ይከብደኝ ነበር፤ ቤት መቅረት ደግሞ ባሰብኝ። የወንዶቹ ሩጫ 8 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሣር፣ ዳገት፣ ጭቃ። አራቱ ልጆቻችን መነሻው ላይ ቆሙ። ከአጠገባቸው ሌሎቹ ኮሌጆች ሰባት ሰባት ሆነው ተሰልፈዋል። የእኛ ልጅ የአራቱን ቱታ ተቀብሎ ብብቱ ሥር ይዞ፣ ሰዓቱን አንጠልጥሎ፣ ዳገቱ ሥር ቆመ። ሲያልፉ በተሰባበረ እንግሊዝኛው ሰዓታቸውን ይጠራላቸዋል። ዳገቱ ላይ የኤል ሳልቫዶሩ ልጅ ወደኋላ መቅረት ሲጀምር ግን እንግሊዝኛው ጠፋበት።

«በርታ! በርታ! አይዞህ!» እያለ ከጎኑ ሮጠ።

ያ ልጅ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ ቀና ሳይል «በርታ!» ብሎ መለሰለት። ዳገቱን ወጣው። የእኛ ልጅ ቱታዎቹን እንዳቀፈ ሜዳውን አቋርጦ ወደሚቀጥለው መታጠፊያ ሮጠ።