ነጩን መንገድ ፍለጋ፦ የፈረንሳይ ገጠር በብስክሌት

ካርታ ላይ ቀይ መንገድ ካየሁ እሸሻለሁ። ቢጫውንም ካልቸገረኝ አልነካውም። እኔ የምፈልገው ነጩን ነው። በሚሽላን ካርታ ላይ ትልልቁ መንገድ በቀይ፣ መካከለኛው በቢጫ፣ መንደርን ከመንደር የሚያገናኘው ቀጭኑ ደግሞ በነጭ ይሳላል። ጠርዙ ላይ አረንጓዴ መስመር ከተሰመረበት አካባቢው ያምራል ማለት ነው። አረንጓዴ ያለበት ነጭ መንገድ ካገኘሁ የቀኑን ጉዞ በሙሉ እሱን ይዤ አወጣለሁ። የስልክ መተግበሪያ እንደ ነገሩ ነው። አጭሩን መንገድ ያሳያችኋል፤ አጭሩን ደግሞ የጭነት መኪናውም ይፈልገዋል።

ነጭ ስላልኩ ፒስታ እንዳይመስላችሁ። አብዛኛው ደህና አስፋልት ነው። ዳር ዳሩን አናታቸው ቢጫ የተቀባ አጫጭር ድንጋዮች ቆመዋል፤ "ዲ" የሚል ፊደልና የመንገዱ ቁጥር ተጽፎባቸዋል። አናቱ ቀይ የሆነ ድንጋይ ካያችሁ ግን አገር አቋራጭ መንገድ ላይ ወጥታችኋልና ቶሎ መታጠፊያ ፈልጉ።

የምኖረው ሊዮን ነው። ረፍት ሳገኝ ኮርሳ ብስክሌቴን ይዤ ወደ ደቡብ እወርዳለሁ። ደጋግሜ የምሄደው ሞን ቫንቱ የሚባለው ተራራ ዙሪያ ነው። ቴኤር የሚሉት የክልል ባቡር ብዙውን ጊዜ ብስክሌት በነጻ ይጭናል፤ በአንዳንድ መስመር ብቻ በበጋ ቦታ ማስያዝ ይጠይቃሉ። ቴጄቬ በሚባለው ፈጣን ባቡር ላይ ጣጣው ይበዛል። ወይ የብስክሌት ቦታ አስቀድሞ መያዝ፣ ወይ ጎማ ፈታቶ ቦርሳ ውስጥ መክተት ነው። ስለዚህ ዝግ የሚለውን ባቡር እመርጣለሁ። አቪኞን ወርጄ ወደ ካርፓንትራ የሚሄደውን ትንሹን ባቡር እይዛለሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 (ዓመት የምጠቅሰው ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው) መስመሩን ለመንገደኛ መልሰው ከከፈቱት ወዲህ ከአቪኞን ዳርቻ መኪና ጋር መጋፋት ቀርቷል።

ዙሩ እንዲህ ነው። ከካርፓንትራ በሞርሟሮን አድርጎ ቪል-ሱር-ኦዞን፣ ከዚያ በኔስክ ገደል ሶ ወደምትባለው መንደር። ሶ ላይ ማደር። በማግስቱ ቫንቱን ከሶ በኩል ወጥቶ ወደ ማሎሴን መውረድ። ከዚያ ማድሌን የምትባለውን ትንሽ የተራራ በር አልፎ ቤድዋን፣ ከቤድዋን ተመልሶ ካርፓንትራ። ጎበዞቹ በአንድ ቀን ይጨርሱታል። እኔ ማን ያሯሩጠኛል?

እስከ ቪል-ሱር-ኦዞን ድረስ በአብዛኛው የወይን እርሻና የቼሪ ዛፍ ነው። እዚህ ላይ ትልቁ ሥራ ኮዳ መሙላት ነው፤ ገደሉ ውስጥ ሱቅ አታገኙም። ለመሆኑ የፈረንሳይ ብስክሌተኛ ውሃ ሲያልቅበት የት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ? መቃብር ቦታ! ለእኛ ሰው ይከብዳል። መንደሮቹ ግን ዳር ላይ በግንብ የታጠረ መቃብር አላቸው። ከብረት በሩ ገባ ስትሉ አረንጓዴ የአበባ ማጠጫዎች ተሰቅለው ታያላችሁ፤ አጠገባቸው ቧንቧ አለ። አንድ ጠዋት ቧንቧው ጋ ቆሜ ሳመነታ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ማጠጫቸውን አንጠልጥለው መጡ። "ቦንዡር ማዳም" አልኳቸው። ኮዳዬን አዩት፤ እኔንም አዩኝ። ቧንቧውን ራሳቸው ከፈቱና "ቅዳ ልጄ፣ እዚህ ያሉት አይጠማቸውም" አሉኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ካርታ ላይ መጀመሪያ የምፈልገው የመቃብር መስቀል ነው። "ኖን ፖታብል" ተብሎ የተጻፈበትን ቧንቧ ግን እለፉት፤ አይጠጣም ማለት ነው።

ከቪል-ሱር-ኦዞን ወደ ሶ ሁለት መንገድ አለ። ዲ1 የአቤይን በር አቋርጦ ቶሎ ያደርሳል፤ መኪናው የሚበዛው በዚያ ነው። ዲ942 ደግሞ የገደሉን ግድግዳ ታክኮ እየተጠማዘዘ ይሄዳል። ይረዝማል፤ ግን ዳገቱ ቀስ ያለ ስለሆነ ልብ ሳትሉት ከፍ ትላላችሁ። አጫጭር ዋሻዎች ስላሉት የኋላ መብራት አይጥፋ። ካስቴላራ የሚባለው መመልከቻ ጋ ስትደርሱ 734 ሜትር ላይ ናችሁ፤ ከማዶ ሮሼ ዱ ሲር የተባለው ትልቅ ገደል ተገትሯል። እዚህ ሁሌ ቆሜ ዳቦ እበላለሁ።

ዳቦ ስል የሰዓት ነገር መጣ። የፈረንሳይ ገጠር በምሳ ሰዓት ሱቁን ዘግቶ ይበላል። ከስድስት ሰዓት ተኩል በኋላ የደረሰ ሰው እስከ ስምንት፣ አንዳንዴም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የተዘጋ በር ሲያይ ይቆያል። ሰኞ ደግሞ ዳቦ ቤቱ ጭራሽ የማይከፈትበት መንደር ብዙ ነው። ስለዚህ ማልጄ እነሳለሁ፤ የምሳውንም ዳቦ ከረፋዱ ሳያልፍ ከኋላ ኪሴ እሰካዋለሁ። ጾመኛ ከሆናችሁ አትስጉ። "ትራዲሲዮን" የሚባለው ባጌት ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨውና እርሾ ነው፤ በ1993 የወጣው ደንብ ማጣፈጫና ማቆያ ኬሚካል እንዳይገባበት ይከለክላል። ክሩዋሳኑ ግን ቅቤ በቅቤ ነውና ዓይናችሁን ያዙ። ዳቦ፣ ወይራ፣ ቲማቲምና አፕሪኮት ካለ በፍልሰታም ይነዳል። ኦገስት 15 ላይ ግን ሶ የላቬንደር በዓል ስለምታከብር አልጋ ማግኘት መከራ ነው። አስቀድማችሁ ያዙ፣ ወይ ቀኑን ቀይሩ። እኔ ጁን ወይም ሴፕቴምበር ይሻለኛል፤ ሙቀቱም ይቀላል።

አበላልን በተመለከተ ከቬሎሲዮ የተሻለ የመከረ የለም። እውነተኛ ስሙ ፖል ደ ቪቪ ነው፤ በ1853 የተወለደው ከካርፓንትራ ብዙም በማትርቀው በፔርን-ሌ-ፎንቴን ነው። ሰዉ በአንድ ማርሽ ሲታገል በነበረበት ዘመን፣ ለዳገት ማርሽ መቀያየር ያስፈልጋል እያለ ሲሟገት የኖረ ሰው ነው። ሳይርብህ ብላ፣ ሳይጠማህ ጠጣ ብሏል። ቫንቱ ላይ ይህን የዘነጋ ሰው ጫፉ ስድስት ኪሎ ሜትር ሲቀር፣ ሻሌ ሬናር የሚባለው ቦታ ሲደርስ፣ ጉልበቱ ይከዳዋል።

ቫንቱ 1,910 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ያስቃል። ጫፉ ላይ ቆማችሁ እንኳ ከፒያሳ ከ400 ሜትር በላይ ዝቅ ብላችኋል። ሳቁ የሚያልቀው መነሻውን ስታዩ ነው። ቤድዋን 300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከዚያ ተነስቶ በ21 ኪሎ ሜትር ውስጥ 1,600 ሜትር መውጣት ነው። ከሶ የምጀምረው ለዚህ ነው። ሶ ራሷ ከ700 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ መንገዱ ወደ 26 ኪሎ ሜትር ቢረዝምም የሚቀረው ከፍታ 1,200 ሜትር ገደማ ነው። እስከ ሻሌ ሬናር ጫካ አለ፣ እግርም ይፍታታል። ከዚያ በኋላ ያለው ስድስት ኪሎ ሜትር ግን ዛፍ አያውቅም። ከሩቅ በረዶ የሚመስለው ነጭ ድንጋይ ብቻ ነው። በየኪሎ ሜትሩ የቆመው ድንጋይ የሚቀጥለው ዳገት ስንት በመቶ እንደሆነ ይነግራል። ደግ ድንጋይ ነው ልል አልችልም።

ጫፉ ሊደረስ ከአንድ ኪሎ ሜትር ትንሽ ከፍ ያለ ሲቀር የቶም ሲምፕሰን መታሰቢያ አለ። እንግሊዛዊው በ29 ዓመቱ፣ ጁላይ 13 ቀን 1967፣ ቱር ደ ፍራንስ ላይ እየነዳ ወድቆ የሞተው እዚህ ነው። ሙቀቱ፣ ድካሙ፣ አልኮሉና አምፌታሚን የተባለው አበረታች መድኃኒት ተደራረቡበት። ብስክሌተኞች ኮዳና ኮፍያ ያስቀምጡለታል።

እኔን ከሙቀቱ ይልቅ የሚያስፈራኝ ንፋሱ ነው። ሚስትራል የሚሉት የሰሜን ንፋስ ተራራው ላይ ሲነሳ ብስክሌት ከነሰዉ ይገፋል። በ2016 ቱሩ ጫፉ ላይ እንዲያልቅ ታስቦ ነበር፤ በንፋሱ ምክንያት ማብቂያው ወደ ሻሌ ሬናር ወረደ። ተወዳዳሪው ክሪስ ፍሩም ብስክሌቱ ተሰብሮበት በእግሩ የሮጠው ያን ቀን ነው። እነሱ የተዉትን እኔ ምን ቤት ነኝ? ማታ ትንበያውን አያለሁ፤ ሚስትራል ካለ ተራራውን ትቼ በመጣሁበት ገደል እመለሳለሁ። ከወጣሁም ስስ ጃኬት ከጀርባዬ አይለይም። ላብ ያረጠበው ልብስ ቁልቁለት ላይ ያንዘፈዝፋል፤ ጣት ሲደነዝዝ ደግሞ ፍሬን መያዝ ያቅታል። በክረምት፣ ከኖቬምበር አጋማሽ ጀምሮ እስከ ፀደይ፣ የላይኛው መንገድ ይዘጋል።

ሕጉ ላይ ብዙ አልቆይም። ከከተማ ውጭ መኪና ሲቀድማችሁ 1.5 ሜትር መራቅ አለበት፤ አብዛኛው ሾፌርም ይርቃል። እናንተ ደግሞ የጆሮ ማዳመጫ ማድረግ አይፈቀድላችሁም። ሲመሽ ከከተማ ውጭ አንጸባራቂ ሰደርያ ግዴታ ነው። ምልክት በሌለው መንታ መንገድ ከቀኝ የሚመጣው ቅድሚያ አለው፣ ትራክተርም ቢሆን። በተለይ ትራክተር ከሆነ።

ማሎሴን ስወርድ ሁሌ ቡና እጠጣለሁ። አንድ ጊዜ አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ብስክሌቴን ከላይ እስከታች አይተው ከየት እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ኢትዮጵያ አልኳቸው። "አ! ቢኒያም!" ብለው ጠረጴዛውን መቱ። ቢኒያም ግርማይ በ2024 ቱር ደ ፍራንስ ላይ ሦስት ምዕራፍ አሸንፎ የነጥብ አሸናፊውን አረንጓዴ ማሊያ ከወሰደ ወዲህ ይህ ያጋጥማል። እሱ የጎረቤት ልጅ ነው፣ ኤርትራዊ፤ የእኛው በ2016 ቱሩን የነዳው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይ ነው ብዬ አስረዳኋቸው። ሁለቱም ግርማይ መሆናቸው ነገሩን አላቀለለልኝም። ዘመዳማቾች ናቸው ወይ አሉኝ። አይደሉም አልኩ።

ከዚያ ካርታዬን ሳቡት። በየት እንደመጣሁ አሳየኋቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። መነጽራቸውን አድርገው ከቫንቱ ጀርባ፣ በሰሜን በኩል ያለችውን ቀጭን መስመር በጣታቸው ተከተሉ። ዲ40 ናት። የቱሉራን ወንዝን ይዛ በብራንት በኩል ወደ ሞንብሩን-ሌ-ባን ትወስዳለች፤ ከዚያ ሶ ቅርብ ነው። "በጋ እኩለ ቀን ላይ እንኳ ጥላ ታገኛለህ፤ ብራንት ግን ዳገት ላይ ናት፣ ብስክሌትህን ታች አስረህ በእግርህ ውጣ" አሉኝ። እስክሪብቶ ተበድረው ካርታው ላይ መስመሯን ደመቅ አድርገው አሰመሩባት። የሚቀጥለው ዙሬ በእሷ ነው።