ጥበብ የለበሳችሁ ሁሉ፣ እንኳን አደረሳችሁ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለጌታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ! ታኅሣሥ 29 ደርሶ አገሩ ሁሉ ነጭ ለብሶ ሲወጣ፣ አንዲት ቃል ልቤ ውስጥ ትመላለሳለች። ጥበብ።

እስቲ አስቡት። እናቶቻችንና እህቶቻችን ዛሬ የለበሱት ቀሚስ ጥበብ ይባላል። ሰሎሞን የታወቀበትም ጥበብ ነው። ሸማኔው በድርና ማግ መካከል በቀለም ክር የሚያወጣው ሐረግና ንጉሡ በዙፋኑ ሆኖ የሚፈርድበት ማስተዋል በአንድ ስም ይጠራሉ። አባቶቻችን እጅና አእምሮን አልለዩም ነበር ማለት ነው። ይሄ በጣም ደስ ይለኛል።

ቃሉ የግእዝ ነው። ጠበበ ማለት ብልህ ሆነ፣ አስተዋለ ማለት ነው፤ ጠቢብም ከዚያው ይወጣል። ብዙ ሰው ግን ከ“ጠባብ” ጋር ያዛምደዋል። ዘመድ አይደሉም። የመጥበቡ ቃል በግእዝ በ“ጸ” ነው፤ “ባኡ እንተ ጸባብ አንቀጽ” ይላል ወንጌሉ፣ በጠባቡ በር ግቡ ሲል። ጸጉርን ጠጉር ያደረገ አማርኛ ጸባብንም ጠባብ አደረገውና ሁለቱ ተመሳሰሉ። ዓረብኛ ዘንድ ደግሞ ጠቢብ ማለት ሐኪም ነው። እኛ ከነሱ የወሰድነው “ሐኪም” በበኩሉ እዚያ ጠቢብ ማለትም ነው!

የሚያመኝ ግን ሌላው ታሪክ ነው። ጠቢብ በእኛው አፍ ሲመላለስ “ጠይብ” ሆነ። ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ የሚሠራው ሰው ጠይብ ተባለ። ስሙ ስድብ ሆነ። ቡዳ ነው ተባለ፣ ልጁን ማግባት ነውር ሆነ። ያን ማረሻ ይዘን እያረስን፣ ሰሎሞንን ባከበርንበት ቃል የሠራልንን ሰው አዋረድንበት። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መሳደብን በአዋጅ ከለከሉ። አዋጁ ወጣ፤ ስድቡ ግን ከአፋችን ቶሎ አልወጣም።

ዛሬ ልደቱን የምናከብረው ጌታ ራሱ ያደገው በእጅ ሥራ በሚተዳደር ቤት ነው። በአገሩ ሲያስተምር የሰሙት ሰዎች፣ ይህን ጥበብ ከየት አገኘው ብለው ተገረሙ። ወዲያው ደግሞ “ይህ የጸራቢ ልጅ አይደለምን?” አሉ። ማቴዎስ ምዕራፍ 13 ላይ አለ። ጥበቡን በጆሯቸው እየሰሙ፣ የጸራቢ ልጅ በመሆኑ ብቻ ተሰናከሉበት። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ማረሻችን ትዝ ይለኛል።

አሁን ትከሻዬ ላይ ያለውን ነጠላ ሽሮ ሜዳ ነው የገዛሁት። ጥለቱን ስንት ቀን እንደፈጀ አላውቅም። ዋጋ ስከራከር ቆይቼ አስጠቅልዬ ወጣሁ። የሸመነው ማን እንደሆነ መጠየቅ ትዝም አላለኝ። ሰሞኑን ወደዚያው ሱቅ ተመልሼ ስሙን እጠይቃለሁ። ካገኘሁትም “እንኳን አደረሰህ” እለዋለሁ።

መልካም ገና ይሁንላችሁ።