ብልቃጡን አስቀምጬ በሶ ያዝኩ

ኮሌስትሮሌ ከፍ ብሎ ሲገኝ ሐኪሙ «መጀመሪያ አመጋገብህን አስተካክልና እንየው» ብሎ ቀጠሮ ሰጠኝ። ይህን የሰማች እህቴ ከውጭ አንድ ብልቃጥ ላከችልኝ። ላዩ ላይ «ቤታ ግሉካን» ይላል።

ቤታ ግሉካን ገብስና አጃ ውስጥ በብዛት ያለ የፋይበር ዓይነት ነው። ሆድ ሲገባ ውሃ ይዞ እንደ ተልባ ይልጋል። ሐሞቱን ይዞት ይወጣል። ጉበት ደግሞ ሌላ ሐሞት መሥራት ስላለበት ኮሌስትሮል ከደም ይስባል። በቀን 3 ግራም ያህል የሚወስድ ሰው መጥፎው ኮሌስትሮል፣ ኤልዲኤል የሚሉት፣ ከ5 እስከ 7 በመቶ ገደማ ይቀንስለታል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የአጃ አምራቾች «ለልብ ይጠቅማል» ብለው እንዲጽፉ የፈቀደው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው። ገብስ ተራው የደረሰው ቆይቶ ነው።

ብልቃጡን ገልብጬ ደቃቁን ጽሑፍ አነበብኩ። ከእርሾ የተሠራ ነው። የእርሾው ቤታ ግሉካን አሠራሩ ሌላ ነው፤ እንደ ገብሱ አይልግም፣ የሚሸጠውም ለበሽታ መከላከል አቅም ተብሎ ነው። በዚያ ላይ አንዱ ፍሬ 250 ሚሊግራም ነው። 3 ግራም ለመሙላት በቀን 12 መዋጥ ልክ ነው እንዴ?

ጅማ ገበያ፣ ሂርማታ መርካቶ ወረድኩ። እህል የሚሸጡ እናት «ከዴዶ የመጣ የደጋ ገብስ ነው ልጄ፤ ለበሶ ነው ለገንፎ?» አሉኝ። ለበሶም ለቂንጬም ወሰድኩ። የተፈተገ መሆኑ አላሳሰበኝም። የገብስ ቤታ ግሉካን ፍሬው ውስጥ ስላለ ከገለባው ጋር አይሄድም።

ከገብስ ክብደት ከ4 እስከ 8 በመቶው ቤታ ግሉካን ነው። ስለዚህ 70 ግራም በሶ ይበቃኛል ብዬ መዘንኩ። በቡና ሲኒ ሁለት ገደማ ወጣ። ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ዱቄቱን አስገብቼ፣ ቀዝቃዛ ውሃና ትንሽ ጨው ጨምሬ መነቅነቅ ነው። ቶሎ ካልጠጡት ይወፍራል። ስኳር ከጨመሩበት ግን ምን ዋጋ አለው? ጩኮም ገብስ ነው፤ ቅቤው ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

በግማሽ ሲኒ መጀመሩ ይሻላል። ሆድ ይነፋል፣ ቢሮ ውስጥም ያሳፍራል። ሳምንት ሁለት ሳምንት ሲያልፍ ይለመዳል፤ ውሃ በደንብ መጠጣት ግን ግድ ነው። የስኳር ሕመምተኛ ከሆናችሁ ከምግብ በኋላ የሚታየው የስኳር መጠን ሊለወጥ ስለሚችል ለሐኪማችሁ ንገሩ። ግሉተን (ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለ ፕሮቲን) የማይስማማው ሰው ደግሞ ገብስን አይንካ።

በቀጠሮው ስመረመር ኤልዲኤሌ ዝቅ ብሏል። ቅቤና ጥብስም ስለቀነስኩ ሙሉውን ምስጋና ለበሶ አልሰጥም። ስታቲን የሚባለው የኮሌስትሮል ኪኒን የታዘዘለት ጎረቤቴ ይህን ሰምቶ «ኪኒኑን ልተወውና በሶ ልጀምር?» ሲለኝ በፍጹም አልኩት። የእሱ ኪኒን ኤልዲኤልን 30፣ አንዳንዴም 50 በመቶ ያወርዳል። በሶውን ከፈለገ ደርቦ ይጠጣ።