ራቁት መሄድ የት ነው የሚያስቀጣው?

ሰሞኑን አንድ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ይመላለሳል። አንድ አገር ውስጥ፣ አንድ ባንዲራ ስር ሆነህ፣ ራቁትህን መሄድ እዚህ ከተማ ምንም አያመጣብህም፣ ቀጥሎ ያለው ከተማ ግን ያስቀጣሃል። ቀልድ ይመስላል፣ ግን እውነት ነው።

ስፔንን ውሰዱ። በአደባባይ ነውር ሰው ያስከስስ የነበረው አንቀጽ እ.ኤ.አ. በ1988 ከወንጀል ህጋቸው ወጣ። ባርሴሎና በ2011 በራሷ ደንብ ከለከለች፤ ራቁት መሆን ብቻ አይደለም፣ ከባህር ዳርቻ ርቆ በዋና ልብስ መንጎራደድም ያስቀጣል። ቫሌንሲያ አጠገብ ያለችው አልዳያ ግን እንዲህ ያለ ደንብ አልነበራትም። አንድ ሰውዬ መንገድ ላይ ራቁቱን ሲንሸራሸር ተቀጣ፣ ተከራከረ፣ በ2023 የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፈረደለት። ችሎትም ጫማ ብቻ አድርጎ ሊገባ ሞክሮ ነበር። (ጫማውን ለምን እንደፈለገው አሁንም አልገባኝም።)

ብሪታንያ ደግሞ ይብሳል። ስቲቨን ጎፍ የሚባል የቀድሞ ወታደር በ2003 ከእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ተነስቶ እስከ ስኮትላንድ ሰሜን ምስራቅ ጫፍ ራቁቱን በእግሩ ተጓዘ። እንግሊዝ ውስጥ ሰው ለማስደንገጥ ወይም ለማሳቀቅ አስበህ ካልሆነ ራቁት መሆን ብቻውን ወንጀል አይደለም። እዚያም ጣጣ አላጣውም፣ ስኮትላንድ ግን ጸጥታ አደፈረስክ እያለች ደጋግማ አሰረችው፤ ከእስር ቤት ሲወጣ ልብስ አልለብስም ስለሚል በሩ ላይ መልሰው ይይዙታል፣ እንዲህ እያለ ዓመታት እስር ቤት አለቁ። የአውሮፓ ሰብአዊ መብት ፍርድ ቤትም በ2014 አልፈረደለትም። ለልብስ ብሎ ይህን ሁሉ? እኔ አላደርገውም፣ ግን ግትርነቱን ሳላደንቅ አላልፍም።

የኛ ነገር ግን ግልባጩ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ህግ ለአገሩ በሙሉ አንድ ነው፤ በህገ መንግስቱ መሰረት ክልሎች የወንጀል ህግ የሚያወጡት የፌዴራሉ ባልሸፈነው ጉዳይ ላይ ብቻ ነው። በአደባባይ ሞራልን ክፉኛ የሚጎዳ አሳፋሪ ድርጊት የሚፈጽም ይቀጣል ይላል። ጥሩ። ግን የማን ሞራል? ከጅማ መኪና ይዘህ በቦንጋ አድርገህ ሚዛን፣ ከዚያም ወደ ሱርማ ብትወርድ፣ ገላውን በአፈር ቀለም አሸብርቆ አንድ ጨርቅ ትከሻው ላይ ያንጠለጠለ ወጣት ሰፈሩ ውስጥ ደህና የለበሰ ሰው ነው። እሱኑ ልጅ እንደዚያው አድርገህ ጅማ መርካቶ ብታቆመው ፖሊስ ሳይደርስ ሰው ይከበዋል። አንቀጹ አልተለወጠም፣ የሚያየው ዓይን እንጂ። ስለዚህ የኛም ህግ እንደ ስፔኑ ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ ልዩነቱ ወረቀት ላይ አልሰፈረም እንጂ።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ስትመጣ ድልድይ ስር ወንዶች ራቁታቸውን ገላቸውን ሲታጠቡ ታያለህ፣ አውቶቡሱ ሙሉ ሰው እያየ ያልፋል፣ ማንም ጉዳዬ አይልም። ሴት ብትሆንስ? እሱን ተዉት።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን አእምሮው ታሞ ራቁቱን አስፋልት ላይ የሚሄደው ሰው ነው። እሱን አይቶ አንቀጽ የሚጠቅስ የለም። ሴት ከሆነች ደግሞ እናቶች ይሯሯጣሉ፣ አንዷ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ትጥልባታለች፣ «እግዚኦ» የሚለውም «ያ አላህ» የሚለውም ፊቱን ያዞራል። ደስ የሚል ነገር ነው፣ አልክድም። ነገር ግን የአእምሮ ህክምና እዚሁ ከተማችን ውስጥ እያለ ልብስ አልብሰን እንመለሳለን፤ እጇን ይዞ እስከ ሀኪም የሚያደርስ ግን አይገኝም። በማግስቱ ነጠላው የለም፣ እሷም እዚያው መንገድ ላይ ናት። ፖሊሱም አይቶ ያልፋል፤ ህጉ የሚቀጣው አስቦ ያደረገውን ነው፣ ምን ብሎ ይክሰሳት?