አራቱን ሽቦ ሳልለካ አስቆረጥኩ

ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ 30 ሺህ ብርና ሁለት ወር ይተርፈኝ ነበር። የመኪናዬን ሳብ ውፈር ሳስቀይር የሠራሁትን ስህተት የምጽፈው ለዚህ ነው።

መኪናዬ ከዱባይ የገባች የ2012 ሞዴል ናት። ከፋብሪካ ስትወጣ ጀምሮ ከኋላ፣ ዕቃ በሚጫንበት በግራው ግድግዳ ውስጥ፣ ባለ 8 ኢንች ሳብ ውፈር (ወፍራሙን ድምፅ፣ ቤዙን፣ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር) አላት። እኔ መኪና ውስጥ የምከፍተው በአብዛኛው መዝሙር ነው። የከበሮው ሰፊ ወገን ሲመታ የሚወጣው «ድም» የሚለው ድምፅ በበሮቹ ትንንሽ ስፒከሮች አይወጣም፤ ቢወጣም ካርቶን እንደ መደብደብ ነው የሚሰማው። ሳቡ ሲሠራ ግን ወንበሩ ድረስ ይዘልቃል። ባለፈው ክረምት ከበሮው በተመታ ቁጥር ከኋላ «ጥርርር» የሚል ድምፅ መምጣት ጀመረ። መሸፈኛውን ከፍቼ የሳቡን ጠርዝ በጣቴ ጫን ሳደርገው፣ ወረቀቱን፣ ማለትም እየተንቀጠቀጠ ድምፅ የሚያወጣውን ክፍል፣ ዙሪያውን የሚይዘው ስፖንጅ እንደ ደረቀ ዳቦ እየተፈረፈረ እጄ ላይ ቀረ። ፀሐይና ዕድሜ ናቸው፤ የማንም ጥፋት አይደለም።

መኪናውን የሚያስመጣ አንድ ቤት ጠይቄ «ሳቡ ለብቻው አይሸጥም፣ ሙሉ ሲስተሙ ነው የሚቀየረው» ተባልኩ። የመኪና ዲኮር የሚሠሩት ደግሞ «የፋብሪካውን ጣሉት፣ ባለ 12 ኢንች ባፍል እንግጠምልዎት» አሉኝ። ሁለቱም ምክር ገንዘብ ከማስወጣት በቀር አይረባም። የፋብሪካው አምፕሊፋየር (ለስፒከሮቹ ኃይል የሚሰጠው ሣጥን፣ ባጭሩ አምፕ) ደህና ከሆነ፣ የሚስማማውን ሳብ መርጦ በዚያው ቦታ መግጠም ይቻላል። ሠርቼ አይቼዋለሁ። ችግሩ «የሚስማማውን» የሚለው ቃል ውስጥ ያለውን ነገር ያወቅኩት ዘግይቼ መሆኑ ነው።

ግዢው ላይ ብዙ አልቆይም። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «1000 ዋት» የሚለውን እርሱት። የምትፈልጉት በትንሹ «አርኤምኤስ» ተብሎ የተጻፈውን ነው፤ ሳቡ ሳይጎዳ ሰዓታት ሙሉ የሚችለው ዋት እሱ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ በዲሲቤል የተጻፈውን ሰንሲቲቪቲ ተመልከቱ፤ በተሰጠው ዋት ምን ያህል እንደሚጮህ የሚናገር ነው። በ3 ዲሲቤል ዝቅ ያለ ሳብ እኩል ለመጮህ እጥፍ ዋት ይፈልጋል፤ የፋብሪካ አምፕ ያንን እጥፍ ከየትም አያመጣም። ጥልቀቱንም ለኩ። እኔ ጋ ከሳቡ ጀርባ ያለው ክፍተት 9 ሳንቲም ብቻ ስለነበረ ከሚሸጡት አብዛኞቹ ማግኔታቸው ከቆርቆሮው ጋር ይጋጭ ነበር። ባለ 4 ኦም፣ ቀጠን ያለ አንድ ሳብ በ7,500 ብር ገዛሁ፤ ኦም ሽቦው ከረንትን ምን ያህል እንደሚያግድ የሚለካበት ነው።

ማውጣቱም ቀላል ነው። የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፤ በብዙ መኪና ከዚያ ግድግዳ በላይ የጎን ኤርባግ አለ። የፕላስቲኩን ክሊፖች በካቻቢቴ አትፈንቅሉ፤ ይሰበራሉ። አራት ብሎን ብቻ ነው የያዘው።

እስከዚህ ራሴ ሠርቼው ነበር። ሶኬቱ ጋ ስደርስ አራት ሽቦ አየሁ። የገዛሁት ሳብ ያለው ሁለት መግጠሚያ ነው። አራቱም ሽቦዎች ቀለማቸው የተለያየ ሲሆን ቀይም ጥቁርም የለባቸውም። እዚያ ላይ ቆሜ ማሰብ ነበረብኝ። ፋብሪካ ለአንድ ሳብ አራት ሽቦ የሚዘረጋው በምክንያት ነው፤ ይህ እኮ ኤሌክትሪክ ላልተማረ ሰውም የሚገባ ነገር ነው። እኔ ግን ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፣ በማግስቱ እናቴን ይዤ የምሄድበት ነበረኝ፣ ቸኮልኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩትን ሁሉ መልቀምም አልቻልኩም።

አንድ ዲኮር ቤት ሄድኩ። ልጁ አየት አደረገና «ጋሼ፣ አያስቡ፤ ሳብ ሁለት ሽቦ ነው ያለው። ፋብሪካው እንዲበረታ ብሎ ደርቦት ነው» አለኝ። ፒንሳውን አንስቶ ሶኬቱን ቆረጠው። «ቀጭ» ያለው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ሁለቱን ፖዘቲቭ ናቸው ብሎ ጠመዘዘ፣ ሁለቱን ኔጌቲቭ ናቸው ብሎ ጠመዘዘ፣ በናስትሮ ጠቀለለው፣ ገጠመው። ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያው) ከኋላው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር። አላነሳውም። እኔም አንሳው አላልኩትም። 1,500 ብር ከፈልኩ። «ያለ ደረሰኝ ይቀንስልዎታል» አለኝ፤ 15 በመቶ ቫት ለማዳን ብዬ እሺ አልኩ። ይህችን እሺታ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

ስንወጣ ድምፁ ግሩም ነበር! የሚያናድደኝ አንዱ ይህ ነው፤ ያኔውኑ ባይሠራ እዚያው ቆመን እንፈታው ነበር። ጎተራ ማሳለጫ ጋ ስደርስ ድምፁ በሙሉ ጠፋ። የሳቡ ብቻ አይደለም፣ የበሮቹም ጭምር። ሁለት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ተመለሰ። «ሽቦ ላልቶ ይሆናል» ብዬ ጨምሬ ከፈትኩት። ሳሪስ ሳልደርስ እንደገና ጠፋ፤ ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። አምፕሊፋየሩ ከጋቢናው ወንበር ሥር ነው ያለው። አቁሜ እጄን ብሰድ ብረቱ የምጣድ ያህል ይፋጃል፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። የመጀመሪያው መጥፋት ማስጠንቀቂያ ነበር፤ አምፑ ሲግል ራሱን ለማዳን የሚያጠፋበት መከላከያ አለው። ያኔ ቴፑን ዘግቼ ሽቦውን ብፈታው ምናልባት ይድን ነበር። ስለ ልጁ ስናገር ይህንንም አብሬ ማንሳት አለብኝ፤ እሱ አጥፍቶ ሊሆን ይችላል፣ የገደልኩት ግን እኔ ነኝ።

ምን እንደሆነ የገባኝ ከሳምንት በኋላ፣ ቴስተር ገዝቼ አሮጌውን ሳብ ስለካው ነው። ውስጡ አንድ ጥቅል ሽቦ ሳይሆን ሁለት የተለያዩ ጥቅሎች አሉ። አንዱን ስለካ 1.8 ኦም፣ ሌላውን ስለካ 1.8 ኦም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲለካ ምንም ግንኙነት የለም። በቴስተር የሚነበበው አብዛኛውን ጊዜ ከተጻፈው ትንሽ ያንሳል፤ 1.8 ማለት ባለ 2 ኦም ጥቅል ነው። አምፑ ደግሞ ለእያንዳንዱ ጥቅል የራሱ የሆነ መውጫ አለው። በነዚህ አምፖች ኔጌቲቭ የምንለው ሽቦ ከቦዲ ጋር የተያያዘ መሬት አይደለም፤ ሁለቱም ሽቦ ኃይል ይገፋል። ልጁ የሁለቱን መውጫዎች ሽቦ ሲያጣምር አንዱን አምፕ ከሌላው ጋር ነው ያፋጠጠው። በአንድ ቀንበር የተጠመዱ በሬዎች መስለውት ነበር፤ ቀንድ ለቀንድ ነው ያገናኛቸው። በመካከላቸው የሚያግድ ምንም ኦም ስለሌለ፣ በድምፃቸው መካከል ያለችው ትንሽ ልዩነት እንኳ ትልቅ ከረንት ሆና ትጋያለች። በዚያ ላይ የትኛው ፖዘቲቭ እንደሆነ በግምት ነው የተጣመረው።

ተመልሼ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ከእኛ ሲወጣ እኮ ይሠራ ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ይሠራ ነበር። የቤቱ ባለቤት መጣና «ደረሰኝ አለዎት?» አለኝ። ጉዳዩን የሚያይ ቢሮ ሄድኩ፤ ሁለት ቀን ተመላልሼ በሦስተኛው ያገኘሁት ሰው ከወረቀቱ ቀና ሳይል ያንኑ ጠየቀኝ፦ ደረሰኝ አለህ? የለኝም። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ሲያመላልሱኝ መጀመሪያውኑ ሊጠይቁኝ ይችሉ ነበር። እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል። ለሰው ሥራ የምትከፍሉ ከሆነ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ያዳንኳት የቫት ብር 225 ናት።

ከዚያ ያገለገለ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ። ለሞተው አምፕሊፋየር ምትክ ፍለጋ ሰባት ጊዜ ሄጃለሁ። ችግሩ መልኩ አንድ፣ ሶኬቱ አንድ ሆኖ፣ ጀርባው ላይ የተለጠፈው ቁጥር በመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች የሚለይ መብዛቱ ነው። አንዱን «ያው ነው» ተብዬ እዚያው መኪናዬ ላይ ስንሰካው ድምፅ አላወጣም፤ ቴፑ አላወቀውም። ስለዚህ ቁጥሩን ፎቶ አንስታችሁ ሂዱ፣ እስከ መጨረሻው ፊደል ካልገጠመ አትክፈሉ፣ መኪናችሁ ላይ ሳይሞከርም አትክፈሉ። በመጨረሻ ከተጋጨ መኪና የወጣ አንድ ተገኘ። 26,000 ብር። ሁለት ወር ያለ ድምፅ ነው የነዳሁት።

ሁለተኛውን ጊዜ ማንንም አላስነካሁም። ባለ 4 ኦሙን ሳብ በ5,000 ሸጥኩና ሁለት ጥቅል ያለውን፣ እያንዳንዱ 2 ኦም የሆነውን በ9,800 ገዛሁ። ሻጩ ፊት በቴስተር ለካሁት፤ መጀመሪያ ሁለቱን የቴስተር ጫፎች አነካክታችሁ የምታሳየውን ትንሽ ቁጥር ቀንሱ፣ አለበለዚያ 2 ኦሙ 2.2 መስሎ ያሳስታችኋል።

ዕድሌ አሮጌውን ሳብ አለመጣሌ ነው። የተቆረጠው ሶኬት ከነአራት የሽቦ ጉማጆቹ እንደተሰካበት ነበር። ከሰዓት ሥር ያለችውን ባለ 1.5 ቮልት ድንጋይ አወጣሁና ጫፎቿን በሁለት ሽቦ ላይ ነካ አደረግሁ። ወረቀቱ ወደ ውጭ ከዘለለ የድንጋዩ ፖዘቲቭ የነካው ሽቦ ፖዘቲቭ ነው፤ ወደ ውስጥ ከገባ የተገላቢጦሽ። በጣት የሚሰማ ትንሽ «ጥብ» ናት። አራቱንም እንዲህ ለይቼ በወረቀት ላይ ቀለማቸውን ጻፍኩ። አዲሱንም በዚሁ ድንጋይ ፈተሽኩት፤ ሁለቱ ጥቅሎች ተገላብጠው ከተገጠሙ እርስ በርስ ይሻራሉና ወረቀቱ ከቦታው አይነቃነቅም፣ ሰው ደግሞ ሳቡ የማይረባ ይመስለዋል። ከዚያ እያንዳንዱን ጥቅል ለራሱ መውጫ ብቻ ሰጠሁ። መጠምዘዝና ናስትሮ አይበቃም፤ መኪና ይንቀጠቀጣል፣ ሽቦው ሶልደር መደረግ አለበት። የብሎኑ ቀዳዳ ስላልገጠመ ከ12 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ቀለበት አስቆርጬ፣ በዙሪያው ስስ ስፖንጅ ለጠፍኩ። በጠርዙ አየር ካለፈ ከፊት የሚወጣው ድምፅና ከጀርባ የሚወጣው ተገናኝተው ቤዙን ያጠፉታል።

ከሠራ በኋላ አንድ ነገር ሊያሳስታችሁ ይችላል። ድምፁን ስትጨምሩ ቤዙ በዚያው ልክ አይጨምርም። ብዙ የፋብሪካ ቴፖች ድምፅ ሲበዛ ቤዙን ሆን ብለው ይቀንሱታል፣ የፋብሪካው ሳብ እንዳይቀደድ። ይህን ለማካካስ ቤዙን እስከ ጥግ አታዙሩት፤ ለአምፑ ሸክም ነው። ይህ አልበቃኝም ያለ ሰው የራሱ አምፕ ያስገባ፤ ግን ፊውዙን ከባትሪው በ45 ሳንቲም ውስጥ ያድርገው፣ ሽቦውንም ከመግዛቱ በፊት በምላጭ ፋቅ አድርጎ ይየው። መዳብ የመሰለው ውስጡ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው፤ በመዳብ ዋጋ እንዳይገዛው። ለእኔ ግን ይህ ሁሉ አላስፈለገኝም።

የመጨረሻው ሥራ የኋላውን ታርጋ ዝም ማሰኘት ነበር። አዲሱ ሳብ ሲመታ ታርጋው ከቆርቆሮው ጋር ይንጫጫ ስለነበር፣ ብሎኖቹን ፈትቼ ከሥሩ የስፖንጅ ቁራጭ አደረግሁበት።

እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ እናቴ ከኋላ ተቀምጣለች። ከበሮው ሲጀምር እጇን በወንበሩ መደገፊያ ላይ አሳርፋ እንዳለች በመስታወቱ አየኋትና፣ ከብዷት ይሆናል ብዬ ድምፁን አንድ ደረጃ ቀነስኩ።

«ምነው ቀነስከው? መልሰው» አለችኝ።