«የዝናቡን ድምፅ አሰማኝ»

ዛሬ ደሴ ከቀትር ጀምሮ ሲዘንብ ዋለ። የጦሳ ተራራ ጉሙን ተከናንቦ ጭራሽ አይታይም። በረንዳ ላይ ቆሜ ስልኬ ጠራ። እህቴ ናት፣ ከቤይሩት።

«ምንድን ነው እንዲህ የሚንጫጫው?»

«ቆርቆሮው ነው፤ ዝናብ ነው» አልኳት።

ዝም አለች። ከዚያ «ወንድምዬ፣ እስቲ ስልኩን ወደ ውጭ አውጣልኝ» አለችኝ።

አወጣሁላት። ከጣሪያው ጠርዝ የሚወርደው ውሃ ባልዲው ላይ ሲንጣጣ አዳመጠች።

እሷ ጋ ሐምሌ ድርቅ ያለ በጋ ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ጠብ አይልም ማለት ይቻላል። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ የባሕሩ ወበቅ ግን ልብስ ገላ ላይ ያጣብቃል። ዝናቡ የሚበረታው በታኅሣሥና በጥር ነው፤ እኛ እህል ወቅተን ስንጨርስ ማለት ነው። ያኔም ከተማው ውስጥ ብርዱ አይከፋም፤ ባሕሩ ያለዝበዋል። በረዶው የሚከመረው ከላይ፣ ተራራው ላይ ነው።

የሚገርመኝ የእኛ የሐምሌ ዝናብና የእነሱ ድርቀት ሁለቱም ከፀሐይ ጉዞ ጋር መያያዛቸው ነው። ፀሐይ ወደ ሰሜን ስታዘነብል የዝናቡ መቀነት ተከትሏት ወሎ ይደርሳል። እነሱ ላይ ደግሞ ደረቅ አየር ከላይ ይጫናቸዋል፣ ደመና አይቋጥርም።

ከሄደች ስድስት ዓመቷ ነው። ሐምሌን ያለ ዝናብ እስካሁን አልለመደችውም። አንጀቴን በላችው።

«አብሽሪ» አልኳት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ባልዲው ሞልቶ ሲፈስ ገና እያዳመጠች ነበር።