ዙሩ የሚከረው መቼ ነው? የማርቲንስቪል ማታና የእኔ ደብተር

ባለፈው ስጽፍላችሁ የመኪና ውድድር እያየሁ ከ100 ዙር በላይ ሳልሳሳት መመዝገብ አቃተኝ ብዬ ነበር። በዓመቱ መዝጊያ ውድድር ላይ 163 ደረስኩ። ከ200 ማለት ነው።

ለአዲሶች፦ የምከታተለው የናስካር ዊለን ሞዲፋይድ ቱርን ነው። በቴሌቪዥን የሚታየው ትልቁ ናስካር አይደለም። በአብዛኛው የሚካሄደው በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ነው፣ በትናንሽ መወዳደሪያዎች። መኪኖቹ ዝቅ ያሉና ሰፋፊ ናቸው፤ ጎማቸው ከአካላቸው ውጭ ነው። መዝጊያው ግን ቨርጂኒያ፣ ማርቲንስቪል ላይ ሆነ፤ ሐሙስ ማታ። ከአሌክሳንድሪያ አራት ሰዓት ተኩል ያህል ያስነዳል። ፈረቃዬን ከጓደኛዬ ጋር ተቀያይሬ በ29 ቁጥር መንገድ ወረድኩ።

አንዱ ዙር 847 ሜትር ገደማ ነው፤ የስታዲየም መም ሁለት እጥፍ በሉት። ሁለት ረጅም ቀጥታ፣ ሁለት ጠባብ መታጠፊያ። ቀጥታው አስፋልት ሲሆን መታጠፊያው በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1976 ጀምሮ ኮንክሪት ነው። መኪኖቹ አስፋልቱን እየቦጫጨቁ አስቸግረው ነበር። በየመታጠፊያው ፍሬን ስለሚረገጥ ሲመሽ የፍሬኑ ዲስክ ፍም መስሎ ይታያል። በፎቶ አይቼው ነበር፣ በዓይን ማየት ግን ሌላ ነው።

አሁን ወደ ተማርኩት ነገር። እኔ 10,000 ሜትር እየተከታተልኩ ያደግኩ ሰው ነኝ። አባቴ ሬዲዮ ሥር ተቀምጦ ዙሩን በክብሪት እንጨት ይቆጥር ነበር። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ስቶፕዎቼን ይዤ የምጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ መጨረሻ ላይ ዙሩ ሲከር። አይከርም! እዚህ ፈጣኑ ዙር አዲስ ጎማ ከተገጠመ በኋላ ያሉት ጥቂቶቹ ናቸው። ከዚያ ጎማው እየተበላ ሁሉም ይዘገያል። ቀድሞ የፈነጠዘ ኋላ ይንሸራተታል።

ይህ የገባኝ መሪውን ማየት ትቼ ከመሃል አንድ መኪና ስመርጥ ነው። ከሱ በፊት ያለውንም አብሬ እይዛለሁ፣ በየአሥር ዙሩ። የፊተኛው በ20.1 ሰከንድ ጀምሮ ከ40 ዙር በኋላ 20.9 ገባ። የኔው በ20.4 ጀምሮ 20.6 ላይ ቀረ። (የእጅ ሰዓት ነው፤ በአንድ ሁለት አሥረኛ አትጣሉኝ።) ሳይታገል አለፈው። ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ስካነርም ተከራይቼ ነበር፤ የቡድኖቹን የሬዲዮ ንግግር የሚያሰማ መሣሪያ ነው። ስፖተሩ ከላይ ሆኖ ለሾፌሩ በሬዲዮ ያወራል። ግማሹን አልሰማውም፣ እንግሊዝኛቸው የገጠር ነው። አንዱ ግን ደጋግሞ «ልቀቀው፣ አትታገለው» ሲል ሰማሁ። በዚህ ቱር ሻምፒዮን የሚለየው በዓመቱ በተደመረ ነጥብ ስለሆነ፣ በነጥብ የሚመራ ሰው የመጨረሻውን ውድድር ማሸነፍ ላያስፈልገው ይችላል። በፊት እንደዚያ ሲነዱ ሳይ ደከሙ እል ነበር።

ከጎኔ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። ደብተሬን አይተው ስለ ሪቺ ኢቫንስ አነሱልኝ። ዘጠኝ ጊዜ የሞዲፋይድ ሻምፒዮን የሆነ፣ ብርቱካናማ 61 ቁጥር መኪና የሚነዳ ሰው ነበር። ዘጠነኛውን ዋንጫ ካረጋገጠ በኋላ፣ ጥቅምት 1985 በአውሮፓ አቆጣጠር፣ እዚሁ ማርቲንስቪል ልምምድ ላይ ግድግዳ መትቶ ሞተ። ዋንጫውን ሳይቀበል። 61 ቁጥር በዚህ ቱር ለማንም አይሰጥም። ሽማግሌው ይህን ሲነግሩኝ ዓይናቸው ከሦስተኛው መታጠፊያ አልተነቀለም። እኔም አሥር ዙር ሳልመዘግብ አለፈኝ፤ ከሳቸው ደብተር ላይ ገለበጥኩ። አዎ፣ እሳቸውም ደብተር አላቸው።

የቦታው ዝነኛ ሆት ዶግ ቀይ ነው። ሥጋው ምን እንደሆነ ስላላረጋገጥኩ ዳቦ ቆሎዬን በላሁ። ለሽማግሌውም ዘገንኩላቸው፤ ወደዱት።

ወደ 163ኛው ዙር ልመለስ። ቢጫ መብራት በራ፤ ያኔ ሁሉም ዝግ ብሎ ሳይቀዳደም ይነዳል። ግማሾቹ ጎማ ሊቀይሩ ገቡ። ማን ገባ ማን ቀረ ብዬ ስጽፍ ቀና ስል ሰልፉ ተቀያይሯል። ያልገቡት ከፊት፣ የኔው ከኋላ። ስህተቴ እዚህ ነው፦ ቢጫ ሲበራ መጻፍ የለብኝም፣ መናገር ነው ያለብኝ። ለቀጣዩ ውድድር ስልኬ ላይ ድምፅ እየቀዳሁ እሞክራለሁ። እናንተ ሌላ ዘዴ ካላችሁ ንገሩኝ።

እዚህ ለአሸናፊ የሚሰጠው ከሰው የሚረዝም የቁም ሰዓት ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1964 ጀምሮ እንደዚያው ነው። በማግስቱ አባቴ ጋ ደውዬ ይህን ስነግረው ሳቀ። «ታዲያ ሰዓቱን ማን ወሰደው?» አለኝ።

መስመሩ ላይ ማን ቀድሞ እንዳለፈ አላየሁም። የኔው ዘጠነኛ ሆኖ ሲገባ ስቶፕዎቹን እየተጫንኩ ነበር።